የትርሲት ሁለተኛው ግማሽ

አስራ አንድ ዓመቴ ላይ እንደምሞት እርግጠኛ ነበርኩ። ሐኪም አልነገረኝም፣ እናቴም አልነገረችኝም። የነገረኝ ልብወለድ ነው፤ እሱንም ያነበብኩት ግማሹን ብቻ ነበር።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ሥር፣ ሁለት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። በአንደኛው ቤት እኔና እናቴ ብርቄ፤ በሌላው እትዬ ረሒማና ባለቤታቸው ጋሽ ቶፊቅ፣ ከልጃቸው ከሀናን ጋር። ጋሽ ቶፊቅ በር ላይ ሱቅ ነበራቸው። እኔና ሀናን እኩያ ነን። ቁመታችን በበሩ መቃን ላይ በከሰል ሲለካ ሁልጊዜ አንድ ጭረት ላይ ነበር የምናርፈው።

ከሱቁ ማዶ ጋሽ ነገሳ በቆርቆሮ ኪዮስካቸው መጽሐፍ ያከራያሉ። ጋሽ ነገሳ ወፍራም ልብወለድ አይወዱም። አንድ ሰው ይዞት ይከርማል፣ ሌላው ደንበኛ እየተመላለሰ ይጨቀጭቃቸዋል። ስለዚህ ወፍራሙን በቢላ መሐል ለመሐል ይከፍሉትና እያንዳንዱን ግማሽ በሲባጎ ሰፍተው፣ ካርቶን አልብሰው፣ አንደኛው ላይ «ሀ»፣ ሌላኛው ላይ «ለ» ብለው ይጽፉበታል። «ሀ»ን የጨረሰ «ለ»ን ይወስዳል ማለት ነው፤ ከተገኘ። ብዙ ጊዜ አይገኝም። በሰፈራችን የጀመሩት ታሪክ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚከርሙ ሰዎች ሞልተው ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሰላማዊት አንድ ቀን መንገድ መሐል ቆማ፣ «ጋሽ ነገሳ፣ ወይ ልጁን ይግደሉት ወይ ያድኑትና እኔም እንቅልፌን ልተኛ!» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔና ሀናን ግን መላ ነበረን። ሁለቱንም ግማሽ አንድ ላይ እንከራያለን። «ሀ»ን እኔ፣ «ለ»ን እሷ፤ ስንጨርስ እንለዋወጣለን። ከመሐል መጀመር አይከብዳትም ነበር። «መጀመሪያው ምን ያደርግልኛል? ሰዎቹን ካገኘኋቸው አይበቃም?» ትላለች።

በዚያ ዓመት የያዝነው ልብወለድ ስለ ሁለት ልጃገረዶች ነበር። ትርሲትና ዘነበች በአንዲት የባቡር ጣቢያ ከተማ አብረው ያድጋሉ። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ በአንድ ጎረምሳ ምክንያት ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። እስከዚያ ድረስ ባነበብናቸው ልብወለዶች ውስጥ ሴት ልጅ የምትኖረው ወንድ እስኪያገኛት ድረስ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚፈላለጉት እርስ በርስ ነው። ጎረምሳው ገብቶ ሲወጣ እንኳ ብዙም ልብ አይሉትም። ከዚያ ትርሲት ማሳል ትጀምራለች። «ሀ» የሚያልቀው ጋቢ ተጠቅልላ፣ እናቷና ጎረቤቲቱ በር ላይ ሲንሾካሾኩ እየሰማች፣ የተኛች መስላ ዓይኗን ስትጨፍን ነው። የጋሽ ነገሳ ቢላ ያረፈው ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ማግስት እናቴና እትዬ ረሒማ ቧንቧው ጋ ልብስ እያጠቡ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» አለች እናቴ።

«እኔ ምን አፍ አለኝ? ግን እንዴት ሳታውቅ ይሆናል፣ ብርቄ?»

«እስከ መጨረሻው ባታውቅ ነው የሚሻላት። ካወቀች ታለቅሳለች።»

«አላህ ይርዳሽ እህቴ። አንድ ልጅ!»

«አንድ ልጅ» አለች እናቴ። ከዚያ ውሃ ዘግና ፊቷ ላይ ረጨችው፤ ደጋግማ ረጨችው። ያኔ ፊቷን የምትታጠብ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ልብወለዱን መምሰል ጀመረ። እናቴ ፎቶ ቤት ወሰደችኝ። ባለፎቶው ፀጉሬን ወደ ኋላ አስይዞ፣ «ጆሮሽ ይታይ። እንዳትስቂ» አለኝ። ፎቶ ተነስቼ የማውቀው ለልደት ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚባለው ሳቂ ነው። ያልተሳቀበት ፎቶ ያየሁት ለቅሶ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሻማ በርቶለት ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ሄድን። ደም ቀዱኝ፣ ሸሚዜን አስወልቀው ደረቴን ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ አስለጠፉኝና፣ «አትተንፍሺ» አሉኝ። ትርሲትንም ያመማት ደረቷን ነው።

«ምን ሆኜ ነው?» አልኳት እናቴን።

«ምንም አልሆንሽም። ለትምህርት ቤት ነው።»

ሀናን እዚያው እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። የእሷን ደረት ማንም አልጠየቀም።

ከዚያም እንጦጦ ጠበል ወጣን። በዚያን ዘመን ጠበሉ አካባቢ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሕመምተኞች ብዙ ነበሩ። ቀጫጭን ክንዶች፣ ቢጫ ጀሪካኖች፣ እርጥብ ነጠላ፣ ጭቃ ውስጥ የቆመ ባዶ እግር ትዝ ይለኛል። እናቴ እነሱ መሐል ስታቆመኝ ወረፋ ያስያዘችኝ መሰለኝ። ውሃው ሲወርድብኝ ትንፋሼ ጠፋ። ስወጣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ እናቴ አጥማቂውን አባ ሠረቀብርሃንን፣ «አባቴ፣ መንገዷን ይባርኩልኝ» ስትላቸው ሰማሁ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ገብቶኛል ብዬ ነበር።

ለካ ፎቶ ላይ ጆሮ ይታይ የሚለው ኤምባሲ ነው። ደሙም ደረቱም ለእሱ ነበር። እኔ ገና ሳልራመድ ኖርዌይ የገባው አባቴ እሱ ጋ የምሄድበት ወረቀት ልኮልኝ ነበር፤ ከእናቴ ጋር ስለተፋቱ ለእኔ ብቻ። እናቴ ደግሞ፣ እንደ ሰፈራችን ሰው ሁሉ፣ ጉዞ አስቀድሞ ከተወራ ይሰናከላል ብላ ታምናለች። ሰው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ነው ሄደ የሚባለው። ጎረቤት ወሬውን የሚሰማው ተጓዡ ሌላ አገር ቁርሱን ሲበላ ነው። የልጅ አፍ ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ ተጓዧ ራሷ እንኳ እንዳትሰማ ተደረገ።

ያኔ ይህን አላወቅሁም። ያየሁትን ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ቀን እናቴና እትዬ ረሒማ እኔን ቤት ትተው ሀናንን መርካቶ ይዘዋት ሄዱ።

«እኔስ?» ስል፣ እናቴ «አንቺ ትደክሚያለሽ» አለችኝ። አልደከመኝም ነበር፤ ይህን ስትለኝ ግን ወዲያው ደከመኝ።

ሀናን ተመለሰች። ምን ገዛችሁ አልኳት። ምንም አለች። ሌላ ጊዜ ከአንድ የገበያ ጉዞ ሦስት ታሪክ ይዛ የምትመጣ ልጅ ናት። ማታውን አስቤ አስቤ ደረስኩበት፤ እናቴ ከእኔ በኋላ የምትቀርላትን ልጅ እየተለማመደች ነው። ይህ ከሞቱ ይልቅ አስለቀሰኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ወደ ዳገቱ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ሁልጊዜ ወደምናነብበት ቦታ ወጣን። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጠገባችን ቁልቁል ያልፋሉ። ቅጠሉ ይሸታል።

«ሀናን፣ ልሞት ነው» አልኳት።

«ማን አለ?»

«ማንም። ደረቴን አንስተውኛል። እንደ ትርሲት።»

ፊቷ ተጨማደደ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ቅጠል አንስታ በጥፍሯ ትዘለዝለው ጀመር።

«የቅልብልቦሽ ጠጠሮቼን ላንቺ ሰጥቻለሁ» አልኩ። ይህን ለመናገር ሌሊቱን ተዘጋጅቼበታለሁ። «ሰማያዊዋን ሹራቤንም። እናቴን ደግሞ አደራ። መቼም ካሁኑ ለምዳሻለች።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መርካቶ ይዛሽ አይደል የምትሄደው!»

ሀናን ብድግ አለች። ትንሽ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። እኔ ግን የራሴ ሞት እንደ አዲስ ጫማ ደስ ብሎኝ ስለነበር አላስተዋልኳትም።

«ይልቅ ‹ለ›ን ጨረስሽው? ትርሲት እንዴት ነው የምትሞተው?»

«አትሞትም።»

«እንዴት አትሞትም?»

«ትድናለች። ከዚያ ለማንም ሳትነግር በባቡር ሩቅ አገር ትሄዳለች። አድጋ ትመለሳለች።»

«ዘነበችስ?»

«ዘነበች ጣቢያው ላይ ታያትና ታልፋታለች። አላወቀቻትም።»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ገጽ ያሳለችው ባቡር ልትሳፈር ነው? «እንደዚህማ አይልም! አምጪው፣ እኔ ላንብበው።»

«መልሼዋለሁ።»

«ውሸታም! ስለምቀናብሽ ነው የምትይው... አይ፣ ስለምትቀኚ ነው!» ቃሉ ተምታታብኝ።

«ሙቺ እሺ!» አለች ሀናን። ድምጿ ተሰነጠቀ። «ከፈለግሽ ሙቺ! ማን ያዘሽ?»

ብቻዋን ወረደች። ወደ ጋሽ ነገሳ ስሮጥ «ለ» አልተመለሰም። «ጓደኛሽ ጋ ነው ልጄ፤ ንገሪያት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከሀናን ጋር አልተነጋገርንም። በአንድ ቧንቧ ጥርሳችንን እየፋቅን ተኮራረፍን።

እናቴ የነገረችኝ ኤርፖርት መንገድ ላይ፣ ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ነው። «ሆስፒታል ነው የምንሄደው?» አልኳት። «የምን ሆስፒታል? አባትሽ ጋ ነው የምትሄጂው» አለችና ከዘንቢሏ ወፍራም ኮት አውጥታ አለበሰችኝ። ልኬ ነበር፤ እጅጌው እንኳ አልረዘመም። ባለመሞቴ ደስ አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የተሰማኝ ግን እፍረት ነው። ጠጠሮቼን ተናዝዤ ጨርሻለሁ። ለሀናን ምን ብዬ ልጽፍላት ነው? አልጻፍኩላትም። ትምህርቴን በርገን በሚባል ዝናብ በማያባራበት ከተማ ጨረስኩ። በሰው ቋንቋ ስለ ሴት ልጆች ጓደኝነት የተጻፈ ያገኘሁትን ልብወለድ ሁሉ አነበብኩ። የቱም መጨረሻ አላሳመነኝም፤ ከሁሉም ጀርባ ሌላ ግማሽ የቀረ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ተመለስኩ። ለመኖር ይሁን ለመሞከር እኔም አላውቅም። እናቴ ሲግናል አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው። የድሮው ግቢ ፈርሷል። ባለፈው ሳምንት መገናኛ፣ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ ያንን ልብወለድ አገኘሁት፤ ያልተቆረጠ፣ ሙሉ። እዚያው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ የጋሽ ነገሳ ቢላ ያረፈበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጌ ከዚያ ቀጠልኩ። ትርሲት ብዙ አልቆየችም። ምዕራፉ ሳያልቅ ሞተች። ዘነበች ቀበረቻት፣ አደገች፣ ነርስ ሆነች። ባቡር የተሳፈረ የለም። የተመለሰም የለም።

ታዲያ ሀናን ያንን ከየት አመጣችው? መሄዴን ሳታውቅ፣ እሞታለሁ ብላ አምና ልታጽናናኝ ፈጥራው ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ እሷ የወደደኝ ሰው የለም። መሄዴን እያወቀች ከሆነ ግን፣ ስናዘዝላት ቁጭ ብላ አይታኛለች ማለት ነው። የትኛውን እንደምፈልግ ለራሴም ግራ ገባኝ።

መጀመሪያ እናቴን ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እማ፣ ያኔ ስትልኪኝ፣ ልሞት ነው ብዬ አስቤ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«በስመአብ! ማን ነው ትሞቻለሽ ያለሽ?»

«ማንም ምንም ስላላለኝ ነዋ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ቢላዋን አስቀመጠች። «የወይዘሮ ወለተማርያም ልጅ ሰፈሩን ሁሉ ስማ ተሰናብታ ኤርፖርት ላይ አይደል የመለሷት? ቪዛ ይወራል እንዴ፣ ፊልሞና?»

«ሀናን ታውቅ ነበር?»

«ረሒማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለጥላዋ እንኳ አታወራም ነበር። ምን ይሄን ሁሉ አሳሰበሽ? ሀናን አሁን ወሰን ሰፈር ናት፣ ጋራዦቹ ጋ የመኪና ዕቃ ትሸጣለች። ሂጂና ጠይቂያት።»

ይህን ስንነጋገር ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስልኬ ውስጥ ደግሞ የሐሙስ ትኬት። ወደ በርገን፣ መመለሻ የሌለው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሐሙስ ተቃረበ።

ወሰን የደረስኩት ቀትር ላይ ነው። ሱቋ ከሁለት ጋራዥ መሐል ናት፤ ጎማ፣ ፊልትሮ፣ የተንጠለጠለ ቺንጋ። መነጽር ያደረገች፣ ግራጫ ሂጃብ የለበሰች ሴት የፍሬን ሸራ ካርቶን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ታነባለች። በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላዘጋጀሁም።

«ፊልሞና፣ ከብርሃኑ ፈቀቅ በይ» አለች ቀና ሳትል። «ቁጥሩ አልታየኝም።»

ፈቀቅ አልኩ። አንብባ ጨረሰች፣ ካርቶኑን ሲጠብቃት ለነበረ መካኒክ ሰጠች፣ «የቪትዝ ነው፤ ካልገጠመ መልሰው፣ ግን ቀባብተህ እንዳታመጣው» አለችው። ከዚያ ዞራ መጥታ ሳመችኝ፤ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ባለዘይት እጇን ልብሴ እንዳይነካ ወደ ኋላ ይዛ።

«እንዴት አወቅሽኝ?»

«አቋቋምሽ ነዋ። አሁንም ሰው እስኪጠራሽ ትቆሚያለሽ።»

በርጩማ ሰጠችኝ። መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሽፋኑን አይታ አላወቀችውም፤ በእኛ ጊዜ ካርቶን ነበር። ስሞቹን ስነግራት ሳቀች።

«ትርሲት ትሞታለች፣ ሀናን።»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ እኮ። ጋደም ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብሰጥሽ ኖሮ በደስታ ትሞቺ ነበር! እንዴት አምሮብሽ እንደነበር አታውቂም።»

«መሄዴን ታውቂ ነበር?»

አንድ ሰው አምፖል ጠየቃት፤ የለም አለችው። አምፖሉ ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«መርካቶ የወሰዱኝ ለምን ይመስልሻል?» አለች። «ላንቺ ኮት ሊገዙ ነው። አንቺን እንዳያስለኩ ደግሞ ምስጢሩ ይወጣል። እኩል ነን አይደል? እኔን አለበሱኝ። ጫማውንም አስሞከሩኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ የኔ መሰለኝ። በመስታወት አየሁት። ዞር ዞር አልኩበት። ‹ይሄ ነው ልኳ› አለች እናትሽ። ልኳ! አውልቂ አሉኝ። አላወልቅም ብዬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ነው እናቴ የነገረችኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ በአላህ ስም ማልኩላት።»

«እና ስናዘዝልሽ...»

«ምን ላድርግ? ብናገር መሐላዬን አፈርሳለሁ። ዝም ብል አንቺ ትሞቻለሽ። ለማንም ሳትነግር ባቡር ተሳፈረች አልኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ? ትኬት ልቁረጥልሽ?»

ሳላስበው እጇን ያዝኩ። «ልታጽናኚኝ ነበር ማለት ነው።»

«ተይ፣ ደግ አታድርጊኝ» አለች እጇን መልሳ። «ዘነበች ጣቢያው ላይ ያላወቀቻት ለምን ይመስልሻል? እሱ ንዴቴ ነው። ኮቱም ያንቺ፣ አውሮፕላኑም ያንቺ፣ መሞቱም ያንቺ! ለእኔ ምን ቀረኝ? ጠጠር!»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሁለት መልስ ይዤ መጥቼ ነበር፤ የሰጠችኝ ሁለቱንም ነው። ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም።

«ከሄድሽ በኋላ ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ» አለች መነጽሯን እየጠረገች። «ትምህርት ቤት አላውቅም። ጋሽ ነገሳ ጋ አላውቅም። የአንድን ሰው መሄድ ብቻሽን ስትይዢ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ተይው። ይልቅ አሁን ጠቅልለሽ መጣሽ?»

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ለምን እንደነገርኳት ዛሬም አላውቅም።

«ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«እትዬ ብርቄ ምን አሉ?»

መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ።

መነጽሯን መልሳ አደረገች። ስትናገር ድምጿ አልጨመረም። «አልይዝልሽም፣ ፊልሞና።»

«እኔ እኮ ያዥልኝ አላልኩሽም...»

«ነገርሽኝ። ሐሙስ ደውለው ሲጠይቁኝ አላውቅም ልላቸው ነው? አሁኑኑ ደውይ። ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ። ቁጥራቸው አለኝ፤ በየዒዱ ይደውሉልኛል።»

ይህን አላውቅም ነበር። እናቴ አንድም ቀን አላወራችልኝም። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። መካኒኩ ካርቶኑን ይዞ ተመለሰ፣ አፉን ሲከፍት ሀናን በመዳፏ «ቆይ» አለችው፤ በሩ ላይ ቆመ።

«ሄሎ፣ ፊልሞና? ምሳ አልበላሽም አይደል?» አለች እናቴ።

«እማ፣ ሐሙስ ወደ በርገን ልሄድ ነው። ትኬት ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ።»

የመለሰችልኝ በሹክሹክታ ነበር። «ሰው ሰምቷል? ማን አለ አጠገብሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ብርቄ!» ብላ ጮኸች ሀናን በቁሟ። «እዚሁ ነኝ፣ እየሰማሁ ነው!»

እናቴ ትልቅ ትንፋሽ ስታስወጣ ተሰማኝ። ከዚያ ሹክሹክታውን ተወችው።

«ለምን?» አለችኝ። «ለምንድን ነው የምትሄጂው፣ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከመሄዴ በፊት የሚያውቅ ሰው ኖሮ አያውቅማ። አፌን ከፈትኩ። ለትኬቱ ምክንያቶች ነበሩኝ፤ ለራሴ ስደጋግማቸው ከርሜ ነበር፤ አሁን ስፈልጋቸው ግን አንዱም አልመጣልኝም። እናቴ በስልኩ፣ ሀናን ከጠረጴዛው ማዶ፣ መካኒኩ ደግሞ በሩ ላይ፣ ሦስቱም መልሴን ይጠብቁ ነበር።